ለጎረምሳና ለኮረዳ የገና ስጦታ በትንሽ ብር

ለሕፃን የበዓል ስጦታ መግዛት ቀላል ነው፤ ኳስም ይሁን ከረሜላ ይዛችሁ ከሄዳችሁ በር ላይ ሮጦ ይቀበላችኋል። ለትልልቆቹም አያስጨንቅም፤ ጋቢ ወይም ቡናና ስኳር ይዞ የሄደ ሰው አፍሮ አያውቅም። የሚያስቸግሩት መሀል ላይ ያሉት ናቸው። ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ፣ ከመስታወት ፊት የማትጠፋ ኮረዳ፤ ከረሜላው ያንሳቸዋል፣ ጋቢው ይከብዳቸዋል። "ምን ላምጣልህ?" ስትሉት "ምንም" ይላል። "ምን ላምጣልሽ?" ስትሏት "ያልሽው ይሁን አክስቴ" ትላለች። እንግዲህ ከዚህ ተነስታችሁ ገበያ ውጡ!

በእኛ ቤተሰብ ደግሞ የሞሉት እነዚህ ናቸው። የእህቴ ልጆች እዚሁ ደሴ ሆጤ፣ የወንድሜ ልጆች ኮምቦልቻ፣ የአክስቴ የልጅ ልጆች ሮቢት። እኔ በመንግሥት ደመወዝ የምኖር፣ የራሴ ልጅ የሌለኝ አክስት ነኝ፤ ስለዚህ ገና ሲደርስ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። በየዓመቱ እየገዛሁ የተማርኩትን ልጻፍላችሁ። እንደኔ ብር ቆጥሮ ገበያ ለሚወጣ አክስትና አጎት ይጠቅም ይሆናል።

አንዱን ነገር አስቀድሜ ልበል፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው። ብራችሁ ትንሽ ከሆነ የትልቅ ዕቃ ርካሽ ቅጂ አትግዙ፤ የትንሽ ዕቃ ደህናውን ግዙ። እኔ ለአንድ ልጅ የምመድበው 400 ብር ነው። በ400 ብር ስልክ ቤት ብትገቡ ድሃ ናችሁ፤ ካልሲ ተራ ብትገቡ ግን ሀብታም ናችሁ፣ አማርጣችሁ ትወጣላችሁ። በዚያ ብር የተገዛ "ስማርት" የእጅ ሰዓት ለጥምቀት ሳይደርስ ይቆማል። ወርቅ ቅብ ሐብሉ በሳምንቱ አንገት ያጠቁራል። ጎረምሳ ደግሞ ይህን ከእኛ ቀድሞ ያውቃል፤ ገና ሲያየው ይለየዋል። ጓደኞቹ ፊት "ፌክ ነው" የሚባልበትን ነገር ከምትሰጡት ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ ጉንጩን ብትስሙት ይሻላል።

በተለይ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋው የሚነካ አልሆነም። በእኔ ግምት ያን ያህል ያልተወደደው የሰው እጅ ሥራ ነው። ስፌት፣ ሹሩባ፣ ፎቶ ማሳጠብ፣ ጫማ ማሰፋት፣ ልብስ ላይ ማሳተም። ከጥቂት ዓመት ወዲህ የእኔ ስጦታ ግማሹ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ አገልግሎት ሆኗል።

ጊዜውን ቶሎ ልናገርና ልለፈው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28። የታኅሣሥ ደመወዝ ከበዓሉ በፊት ቢደርስ እንኳ የዶሮና የቅቤ ነው፣ ሽንኩርት ብቻውን ያጋምሰዋል። ስለዚህ ስጦታውን የምገዛው በኅዳር ደመወዝ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ የሥጋና የወተት ወጪ ስለሌለ ትንሽ ብር ትተርፋለች። ሻጩም ያን ጊዜ ያናግራል፣ ዋጋ ይቀንሳል። የበዓሉ ሳምንት ፒያሳም ሆነ ሰኞ ገበያ ብትሄዱ ለመከራከር ፋታ ያለው ሰው አታገኙም።

አሁን ምን ይገዛ ወደሚለው። ልጁን አትጠይቁት፤ ታናሹን ጠይቁ። ታናሽ ወንድም ሁሉን ያውቃል፣ ምስጢርም አይጠብቅም፣ አንድ ማስቲካ ይበቃዋል። ከዚያ ቤታቸው ስትሄዱ ሁለት ነገር ተመልከቱ፦ የሚዋሱትንና የተበላሸባቸውን። ያቺ ልጅ ሁልጊዜ የእናቷን ሻርፕ የምትለብስ ከሆነ የራሷ የላትም ማለት ነው። የወንድሜ ትልቁ ልጅ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው ገመዱን አንገቱ ላይ አጥፎ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ፣ ከላዩ ጫማ አስቀምጦበት ነበር። ጫማው ከተነሳ ቻርጁ ይቋረጣል። ቡና ልጠጣ ተቀምጬ ይህን ካየሁ በኋላ የዚያ ዓመት ጥያቄ አለቀ።

ገመዱን ልገዛ ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ።

"እህቴ፣ ይሄ ኦርጅናል ነው" አለኝ ሻጩ።

"ኦርጅናል ያልሆነውስ የቱ ነው?"

ሳቀና ከመደርደሪያው ሥር ሌላ አወጣ። ይኼኛው ወፈር ያለ፣ ክር የተጎነጎነበት፣ አንገቱ ላይ ላስቲኩ ረዘም ያለ ነው። ገመድ የሚሞተው አንገቱ ላይ ስለሆነ እዚያ ጋ ጎንበስ ቀና አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ቶሎ ተሰብሮ የሚቀር መስሎ ከታያችሁ ተዉት። ከዚያ የራሳችሁን ስልክ ሰክታችሁ እዚያው ቁሙ፤ ገመዱን እያነቃነቃችሁ ቻርጁ ካልተቋረጠ ክፈሉ። "አብሽሪ፣ ካልሠራ መልሺው" ይሏችኋል፣ ብዙዎቹም ቃላቸውን ይጠብቃሉ፤ ግን ኮምቦልቻ ላለ ልጅ የተገዛ ገመድ ማን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ይመልሰዋል? የወንድሜ ልጅ ገመዱን ሲያይ ምንም አላለም። ማታ ግን ጫማው ወለሉ ላይ እንደ ሰው ጫማ ተቀምጦ አየሁት።

ኤርፎን የምትገዙ ከሆነም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የልጁን ስልክ ቀዳዳ እዩ። ብዙ አዳዲስ ስልኮች ክቡ የኤርፎን ቀዳዳ የላቸውም፣ ያለው ታይፕ ሲ ብቻ ነው። ክቡ ካለው ደህና ባለ ገመድ ኤርፎን ግዙ፤ በዚያው ብር ከሚገኘው ብሉቱዝ በድምፅም በዕድሜም ይበልጣል። የስልክ ኮቨር ለመግዛት ደግሞ "ቴክኖ ነው" ወይም "ሳምሰንግ ነው" ማለት አይበቃም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ "ስለ ስልኩ" የሚለው ጋ ሙሉ ስሙን እስከ ቁጥሩ ጻፉት። ሻጩ "ይሆናል" ቢልም የካሜራው ቀዳዳ በአንድ ጥፍር ከተዛነፈ አይሆንም።

ማልያ በ400 ብር አላገኘሁም፣ ካገኛችሁም ከላብ ጋር ቀለሙ የሚወርድ ነው። የእህቴ ልጅ የአርሰናል ማልያ አባቱ ገዝቶለት ነበር፤ እኔ ጀርባው ላይ አሳተምኩለት። የተጫዋች ስም አይደለም፤ ተጫዋች ይሸጣል፣ ያኔ ማልያው ያረጃል። የራሱን ስምና የሚወደውን ቁጥር ነው ያሳተምኩለት። ቲሸርት የሚያትሙ ቤቶች ይሠሩታል፣ ግን የማልያ ጨርቅ ሙቀት ስለማይችል "ቀስ ብለህ፣ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ሞክር" በሉት። እናትየውንም አስጠንቅቁ፦ ገልብጣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበው፣ ጽሑፉ ላይ ካውያ አይረፍበት። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁ ከሰፈር ሜዳ ሲመለስ ጀርባውን እያሳየ ነው የሚገባው።

ለሴቶቹ የሰጠሁት ምርጡ ስጦታ ሹሩባ ነው። የምትሠራት ልጅ ዘንድ ቀድሜ ሄጄ ከፍዬ ቀን አስይዛለሁ፤ ለኮረዳዋ የምነግራት "ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እዚያ ሂጂ፣ ተከፍሎልሻል" ብቻ ነው። ምን ዓይነት እንደምትሠራ አልመርጥላትም፤ እሷ ስልኳ ላይ ያስቀመጠችው ፎቶ አላት። ዋዜማውን ቀጠሮ አትያዙ፤ ያን ቀን ወረፋው እስከ ምሽት ነው፣ ቸኩላ የሠራችው ሹሩባም ግንባር ያስጨንቃል፣ በዓሉን ራስ ምታት ይዟት ትውላለች። ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ጥሩ ነው። ከሱ ጋር ሻሽ ወይም የምታምር የፀጉር መያዣ ብትጨምሩበት ከ400 ብር ብዙ አትወጡም።

ፎቶም አለ። እነዚህ ልጆች ስልካቸው ውስጥ ሺህ ፎቶ አላቸው፣ ግድግዳ ላይ ግን አንድ የላቸውም። የእህቴ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ጦሳ ተራራ ወጥተው የተነሱት አለ፣ ደሴ ከሥራቸው ተዘርግታ። ታናሿ በቴሌግራም ላከልኝ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ጥራቱን ይቀንሰዋል፣ ሲታተም ፊቱ ይደበዝዛል። "እንደ ፋይል ላክልኝ" በሉት። ፎቶ ቤት አጠብኩት፣ ቀለል ያለ ፍሬም ገዛሁለት፣ ለሦስቱ ጓደኞቿም ትንንሽ ቅጂ ጨመርኩ። ዋናው ደስታ ከቅጂዎቹ ነው የመጣው፤ በማግስቱ ለጓደኞቿ ልታድል ወጣች። ለዚህ ዕድሜ ሰው ለጓደኛ የሚሰጥ ነገር መያዝ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ልብስ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ጫማ ከቶ አትግዙ፤ እግሩ በየወሩ ይረዝማል፣ ዲዛይኑንም እሱ ካልመረጠው አያደርገውም። ሱሪም እንዲሁ። ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ጓንትና ሻርፕ ግን ቁጥር አያስጨንቅም። ደሴ ላሉት ታኅሣሥ ላይ ወፍራም ካልሲ መስጠት ቀልድ አይደለም፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄዱ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ለኮምቦልቻዎቹ ግን ያንኑ ይዛችሁ እንዳትወርዱ። ሐረጎን ወርዳችሁ እዚያ ስትደርሱ እናንተም ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ለእነሱ ስስ ካልሲና ጥላ ያለው ኮፍያ ይሻላል። ሰልባጅ መግዛት ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ከሰልባጅ ውስጥ የሚወጣው ሹራብ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ይበልጣል። ብቻ እጠቡት፣ አስተኩሱት፣ ቁልፉ ከጎደለ ሌላ አስተክሉበት።

ዲኦዶራንትና የፊት ሳሙና ለብቻው አትስጡ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚሰማው "ትሸታለህ" ወይም "ፊትሽ ብጉር ወሯል" የሚል ነው። መስጠት ካለባችሁ ከሌላ ነገር ጋር ቀላቅሉት፣ ስለሱም ምንም አትናገሩ።

የትምህርት ነገርም እንደዚሁ ነው። ዕውቀት ከሁሉ እንደሚበልጥ ማንም አይክድም፤ ልጁ ግን በገና ቀን የሒሳብ መጽሐፍ ሲሰጡት ስጦታ ነው ወይስ ተግሣጽ ብሎ ይጠራጠራል። ራሱ ካልጠየቀ በቀር አልገዛም። አንዷ ጠይቃኝ ነበር፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ። ከ2015 ወዲህ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተገብቶ የሚሰጥ ስለሆነ ገና ከታኅሣሥ ጭንቀቱ ይዟት ነበር። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ከጎረቤት ልጅ ተውሼ ፎቶ ኮፒ አስደረግኩና በስፓይራል አስጠረዝኩላት፣ ከነደህና እስክሪብቶ። ሽፋኑ ላይ ስሟን በትልቁ አስጻፍኩበት፤ ያ ደብተር ከቤት ወጥቶ እንዳይቀር የጠበቀው ስሟ ነው።

ደብተርና እስክሪብቶ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ2014 ገና፣ ደሴና ኮምቦልቻ ከጦርነቱ በወጡ በወሩ ገደማ፣ ሱቁ ባዶ ስለነበር ለሁሉም የሰጠሁት እርሳስና ደብተር ነበር። ያኔ ትንንሽ የነበሩት ናቸው ዛሬ ጎረምሶቹ። ከዚያ ወዲህ የሰጠኋቸውን ብዙውን ረስተውታል፤ የዚያን ዓመቱን ግን ማን ምን ቀለም እንደደረሰው ሳይቀር ያስታውሳሉ።

ጥሬ ብር መስጠትስ? ልጆቹን ብትጠይቋቸው የሚሻላቸው እሱ ነው፣ አልዋሽም። ሁለት 200 ብር፣ አዲስና ያልታጠፈ፣ ፖስታ ውስጥ። ችግሩ እናቶች ናቸው። "ላስቀምጥልህ" ትላለች፣ ያ ብር በዚያው የዘይት መግዣ ይሆናል፤ እኛም ልጆች ሆነን እናታችን ዘንድ ያስቀመጥነው ብር እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ስለዚህ ብር የምሰጠው ከአሥራ ስድስት በላይ ለሆኑት ብቻ ነው፣ ያውም በእጃቸው፣ ለብቻቸው አግኝቼ። ሌላው መንገድ ፓኬጅ ነው። በ*999# ለሌላ ሰው ኢንተርኔት መላክ ይቻላል። ይህን ማንም እናት ላስቀምጥልህ አትልም። የበዓሉ ዕለት ጠዋት፣ ሁሉም ጓደኞቻቸው "መልካም ገና" እየተባባሉ ባሉበት ሰዓት ላኩት፤ ከሦስት ቀን በፊት ከላካችሁት ለበዓሉ አይተርፍም።

እዚህ ወሎ ነንና አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የአክስቴ የልጅ ልጆች ሙስሊሞች ናቸው፤ በገና ቀን እኛ ቤት ይመጣሉ፣ እኛም በኢድ እነሱ ቤት እንሄዳለን። ለእነሱ የሚበላው እንደሚለይ ሁሉ ስጦታውም ትንሽ ማሰብ ይፈልጋል። ሌሎቹ ሲሰጣቸው እነሱ ባዶ እጃቸውን እንዲቀመጡ አልፈልግም፤ ግን "መልካም ገና" የታተመበት ኩባያ ለእነሱ አይሰጥም። ለሴቶቹ ደህና ጨርቅ ያለው ሻርፕ ከነመርፌው እገዛለሁ፣ ወይም የሒና ሠሪዋን እከፍልላቸዋለሁ፣ ይህንን ለኢድ ዋዜማ አዘገየዋለሁ። አንድ ዓመት እናታቸው "እትዬ፣ ለገናሽ እኛን ለምን ታስቸግሪያለሽ?" አለችኝ። "ለኢድሽ አልበላሁም እንዴ?" ብዬ ዝም አሰኘኋት።

ዋጋውን እኩል አድርጉ፣ ዕቃው ግን ይለያይ። አንዱ ውድ ነገር አግኝቶ ሌላው ካልሲ ከደረሰው ልጆቹ ምንም አይሉም፤ ቅሬታው ከእናቶቹ ነው የሚመጣው፣ ያውም እስከ ፋሲካ የሚዘልቅ። ስንት እንደገዛችሁ ለማንም አትናገሩ። የስጦታ ከረጢትም አትግዙ፤ ከካልሲው እኩል ዋጋ የሚጠሩባቸው ሱቆች አሉ። እኔ ልብስ ሰፊው ዘንድ የሚተርፈውን ባለ ቀለም ቁራጭ ጨርቅ ለምኜ እጠቀልልበታለሁ፤ ኮረዳዎቹ ጨርቁን ራሱን ፀጉር ማሰሪያ ያደርጉታል።

ስጦታውን ስትሰጡ ደግሞ "ክፈተው፣ ክፈተው" አትበሉ። እኛ ዘንድ ስጦታ በሰጪው ፊት አይከፈትም፤ ጎረምሳ ደግሞ ዘመድ ሁሉ ዓይኑን ተክሎበት ምን ፊት እንደሚያሳይ ግራ ይገባዋል። ተቀብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ጥግ ቢያስቀምጠው አልወደደውም ብላችሁ አትዘኑ። ወደደው ወይስ አልወደደውም የሚለው የሚታወቀው ለጥምቀት ነው፤ ታቦት ሊሸኙ ሲወጡ አድርገውት ከወጡ በቃ።

የዘንድሮውን ከሞላ ጎደል ጨርሻለሁ። የቀረኝ ያ "ምንም" የሚለው የአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ታናሹን ጠየቅሁት፣ እሱም ዘንድሮ ማስቲካውን በልቶ ዝም አለ። ባለፈው ሳምንት ግን ቤታቸው ስገባ የትምህርት ቤት ጫማውን በር ላይ አየሁት፤ ሶሉ ከፊት ተላቆ አፉን ከፍቷል። አዲስ ጫማ አቅሜ አይደለም። እናትየውን አነጋግሬያለሁ፣ ቅዳሜ ማታ ጫማውን ታቀብለኛለች፤ እሑድ ጠዋት ሰፊው አዲስ ሶል ያደርግለታል፣ ዙሪያውን ይሰፋዋል፣ ቀለም ይቀባዋል። አዲስ ማሰሪያ ገዝቻለሁ፣ ጥቁር፣ ክብ የሆነው፤ ጠፍጣፋውን እንደማይወድ ደርሼበታለሁ። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ሊሄድ ሲወጣ በሩ ላይ ያገኘዋል።